ከፋኗ ሥር ያለችው ፊደል

«ዞረች! ፋኗ ዞረች!» ድንቢጥ ከተንበረከከችበት ወለል ላይ ብድግ ብላ አጨበጨበች።

እውነትም ዞራለች። ክዳኑ ባልተገጠመለት የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ ትንሿ ፋን ሽው እያለች ትሽከረከራለች። ማዘርቦርዱ ጥግ ላይም አንዲት አረንጓዴ መብራት በርታለች። እናቷ የስፌት መኪናዋን ትታ፣ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል እንኳ ሳታወጣ፣ አንገቷን አስግጋ መጣች። ወንድሟ ዊልቸሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ። ሦስቱም ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው ጠበቁ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አለች ድንቢጥ።

ጠበቁ። ፋኗ መዞሯን አላቆመችም። ስክሪኑ ላይ ግን «ምልክት የለም» የምትል ጽሑፍ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየተንሳፈፈች ከመሄዷ በቀር የመጣ ነገር የለም። እናትየው ስፒሉን ከአፏ አውጥታ የልጇን ፊት አየችና ምንም ሳትጠይቅ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያ ዝም ማለቷ ድንቢጥን ከቁጣ በላይ ከበዳት። ኮምፒውተሩ የተገዛው እናቷ ሁለተኛ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ነውና።

ድንቢጥ የሚላት ወንድሟ ነው። ቀጭን ስለሆነች፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብላ መዋል ስለማትችልም ያወጣላት ስም ነው፤ አሁን አስተማሪዎቿ ሁሉ በእሱ ይጠሯታል። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «አሰልጣኝ» ይለዋል። ኳስ ያሰለጠነው ግን ሜዳ ላይ አይደለም፤ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ቀን የፎቅ ግድግዳ ሲቀባ ውሎ፣ ማታ ማታ ፊቱ ላይ ቀለም እንደተረጨ ጌም ቤት ገብቶ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በተራ ያሸንፋቸዋል። ካሸነፋቸው በኋላ ደግሞ የት ጋ እንደተሳሳቱ ቁጭ አድርጎ ያስረዳቸዋል። ተሸንፎ የተናደደ ልጅ ሳይቀር ስቆ ነበር የሚወጣው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ከዝናብ በኋላ፣ ከመወጣጫው እንጨት ላይ እግሩ አዳልጦት ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ እግሮቹ አብረውት ቢመለሱም አይታዘዙትም። የቀኝ እጁ ጣቶች ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ መያዝ እንኳ አቃታቸው። ጌም ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ወደ እሱ የሚያስገባው ደረጃ ጠባብና ቁልቁል ነው። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን እየተንጋጉ ይመጡ ነበር። ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። ከዚያ ቀሩ። አሰልጣኝም የክፍሉን መጋረጃ መክፈት ተወ።

ጣቶቹን የምታሠራለት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት ነገሩን የጀመረችው። «ኳስ መጭመቅ ሰልችቶታል፤ ፊቱ ያስታውቃል» አለች ለእናትየው። «የሚወደውን ነገር ስጡት። ጣቱ የሚነካው፣ እንደገና፣ እንደገና የሚነካው ነገር።»

ያን ዕለት ነው አሰልጣኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳይጠየቅ የተናገረው። «ኮምፒውተር ቢኖር…» አለና አቋረጠ።

አሰልጣኝ፣ አባታቸው በሕይወት እያለ፣ አንድ ዓመት ያህል የኮምፒውተር ጥገና ተምሯል። ያንን ትምህርት አቋርጦ ነው ብሩሽ የያዘው። ስለዚህ ዕቃውን ሲመርጡ ድንቢጥ እግር፣ እሱ ጭንቅላት ሆኑ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠይቃለች፤ እሱ ጣሪያ እያየ ይመልሳል።

«ዕቃ መምረጥ ቡድን እንደመምረጥ ነው» ይላት ነበር። «ውድ አጥቂ ገዝተሽ ኳስ የሚያቀብለው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ይግባቡ። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ከተለያየ አይገባም፤ በጉልበት ካስገባሽው ትሰብሪዋለሽ። ራሙም ቦርዱ የሚቀበለው ዓይነት ይሁን። የራሙ እግር ላይ ያለችው የተቆረጠች ቦታ ካልገጠመች ተይው፣ አትግፊው።»

«ፓወር ሰፕላዩስ?»

«እሱ ላይ አትሰስቺ፤ ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያድለው እሱ ነው። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ብቻውን አይቃጠልም። ኬዙ አሮጌ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ቆርቆሮ ነው።»

«ግራፊክስ ካርድስ?»

እዚህ ላይ ጣሪያውን ማየት ትቶ እሷን አያት። «ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ለካርድ ግን አቅም የለንም። ስለዚህ የራሱ ግራፊክስ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ነው የምንፈልገው። ትልልቅ ጌም አያጫውትም፤ ለኳስ ጌም ግን ከበቂ በላይ ነው። ድንቢጥ፣ ሌላውን ብትረሺ ይቺን እንዳትረሺ።»

አልረሳችም። የሚያበሳጨውም እሱ ነው፤ አልረሳችም።

ዕቃውን የገዛችው ከፍላሽ ነው። ፍላሽ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ዴስክ የሚጋራት። አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላቸው ፍላሾች ሁልጊዜ ይንቋቋሉ፤ አንዱ ዘፈን፣ አንዱ ፊልም፣ አንዱ ያለፈው ዓመት ፈተና የያዘ ነው። ከትምህርት በኋላ የአጎቱን የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ይጠብቃል፤ የሚኖረውም እዚያው አጎቱ ቤት ነው። ሳይንስ ላይ እሷ ትረዳዋለች፤ ሲያስቃት ደግሞ አብረው ከክፍል ይባረራሉ።

ያን ቀን አጎትየው አልነበሩም። ፍላሽ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ። ውስጡ ማዘርቦርድ አለ፤ ፕሮሰሰሩ ተገጥሞ፣ ፋኗም ከላይ ታስራበታለች።

«አብሮ የሚሸጥ ነው። በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ ካገኘሽ እኔ ስሜን እቀይራለሁ» አለ።

«የራሱ ግራፊክስ አለው?»

ፍላሽ ገመድ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። «አለው» አለ ቀና ሳይል።

«እርግጠኛ ነህ? ካርድ መግዛት አንችልም።»

«አቦ ድንቢጥ፣ እኔ አንቺን ልሸውድ?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። መብራት ስለጠፋ እዚያው መሞከር አልተቻለም። እሷም ካርቶኑን ልክ እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

አሁን ያ ዕቃ ፊቷ ተቀምጦ ፋኑን ያዞራል፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አያደርግም።

«ራሙን አውጪና መልሰሽ አስገቢው» አለ አሰልጣኝ። ድምፁ ገና ተስፋ አለው።

አወጣች። እግሩን በላጲስ አሻሸችና መልሳ አስገባች። ጥቁር። በሌላኛው ቀዳዳ ሞከረች። ጥቁር። የቴሌቪዥኑን ገመድ ቀየረች፤ ጎረቤት ሮጣ ሌላ ተውሳ መጣች። ጥቁር። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ተንጠባጠበ።

አሰልጣኝ ዊልቸሩን ወደ ኬዙ አስጠጋና፣ «ፋኗን ፍቺያት» አላት።

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታች። ፋኗ ተላቃ ስትነሳ የፕሮሰሰሩ ጀርባ በደረቀ ነጭ ቅባት ተሸፍኖ ታየ። ከእናቷ ስፌት ሥር ቁራጭ ጨርቅ አንስታ ጠረገችው። አሰልጣኝ የስልኩን መብራት በግራ እጁ አበራላትና ወደ ኬዙ ጎንበስ አለ።

«የመጨረሻዋን አንብቢልኝ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን።»

«ፊደል ናት» አለች። «ኤፍ።»

መብራቱ ጠፋ። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦታል።

«ምንድን ነው ኤፍ?»

«ግራፊክስ የሌለው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነም። ይሠራል፣ ያስባል፤ ስክሪን ላይ ማውጣት ነው የማይችለው። ካርድ ከሌለ አይችልም።»

«ግን እኮ ጠይቄዋለሁ! ‹አለው› ነው ያለኝ!»

«እሺ።»

«ሄጄ አስቀይረዋለሁ።»

«እሺ» አለ እንደገና። ይህን እሺ ድንቢጥ ታውቀዋለች። ሐኪሞች ሲያናግሩት የሚለው እሺ ነው፤ ያመነበት ሳይሆን ቶሎ እንዲሄዱለት የሚለው። ዊልቸሩን አዙሮ ወደ ክፍሉ ገባ። የአልጋው ብረት ሲጮህ ተሰማት። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል።

በማግስቱ ፍላሽን ያገኘችው በእረፍት ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። ከሩቅ ሲያያት ጀምሮ ፈገግታው ትክክል አልነበረም።

«ኤፍ» አለችው። ሌላ ሰላምታ አልነበራትም።

ፍላሽ ዙሪያውን አየ። «ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ታውቅ ነበር?»

አንገቱ ላይ ያሉትን ፍላሾች እየነካካ መሬት መሬት ያያል።

«ጠየቅኩህ እኮ! ሁለቴ ነው የጠየቅኩህ! ለማን እንደምገዛው አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ?»

«ካርድ እፈልግልሽ ነበር» አለ ፈጠን ብሎ። «እውነቴን ነው። አንድ ልጅ አሮጌ ካርድ አለኝ ብሎኛል፣ ትንሽ ቢቆይ…»

«መቼ?»

ፍላሽ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪቀመጥ ድረስ ተንሸራተተ። «አንቺ አይገባሽም። የአጎቴ ሚስት በየቀኑ ‹ይሄ ልጅ ምን ይሠራል?› ነው የምትለው። እየሰማሁ። እራት ላይ። አጎቴ ደግሞ ያንን ካርቶን እያሳየኝ ‹ይኼ ዓመት ሙሉ ቦታ ይዞብኛል፣ ከሱቅ ካወጣኸው ጎበዝ እልሃለሁ› አለኝ። ደንበኛ አምጥቼ አላውቅማ። አንቺ ስትመጪ… በቃ፣ አፌ ቀደመኝ። ‹አለው› ካልኩ በኋላ እንዴት ልመልሰው?»

«‹የለውም› በማለት ነዋ!»

«ከሱቅ ካላወጣሁትስ? ወደ እናቴ ይመልሰኛል። እናቴ የምትኖረው በምትሠራበት ሰው ቤት ነው። አልጋዋ ከወጥ ቤቱ ጎን ናት፤ እኔን እዚያ አይቀበሉኝም። የት እሄዳለሁ?»

ድንቢጥ ይህን አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ዴስክ ሲጋሩ አንድም ቀን አልነገራትም፤ ሁልጊዜ ያስቃታል እንጂ። ንዴቷ ለአፍታ መያዣ አጣ። ከዚያ ግን ትናንት ከወንድሟ ክፍል የተሰማት የአልጋ ብረት ትዝ አላትና ተመልሶ መጣባት።

«ዛሬ ከትምህርት በኋላ ሱቅ እመጣለሁ» አለችው።

«አጎቴ ይኖራል።»

«ለዚያ ነው የምመጣው።»

ፍላሽ እጇን ያዘ። «ለገዢው እንድነግር አዞኛል። ካርድ እንደሚፈልግ። እሱ ሌባ አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ይጠይቅሻል። ‹ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ› በዪው። እለምንሻለሁ። ጀለሴ አይደለሽ?»

ደወሉ ተደወለ። እጇን አስለቅቃ ሄደች።

ሱቁ ስትደርስ አጎትየው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የተበተነ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሰዋል። ፍላሽ መሰላል ላይ ወጥቶ የላይኛውን መደርደሪያ ይወለውላል። ሲያያት ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህን ዕቃ ከዚህ ነው የገዛሁት» አለች ድንቢጥ ካርቶኑን እያስቀመጠች። «ለታመመ ወንድሜ ነበር፤ ምስል ግን አያወጣም።»

አጎትየው መነጽራቸውን አወረዱ። ፕሮሰሰሩን አዩ። ስለ ዕቃው ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም።

«አውቀዋለሁ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ይህ ያለ ካርድ አይሠራም፤ ብልሽት የለበትም ግን። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ዕቃ ለዚህ ልጅ ሳስረክበው፣ ካርድ እንደሚፈልግ ለገዢ ሳትናገር እንዳትሸጥ ብዬዋለሁ። ነግሮሽ ከገዛሽ ዕቃው ያንቺ ነው፤ መልሼ አልወስድም። ካልነገረሽ ጥፋቱ የኔ ሱቅ ነው፤ እቀይርልሻለሁ። ነግሮሻል?»

መሰላሉ ሲጢጥ አለ።

ድንቢጥ ቀና ብላ አላየችም። ብታየው መናገር እንደማትችል አውቃለች። በአንድ በኩል ከወጥ ቤት ጎን ያለች ጠባብ አልጋ ታየቻት፤ አይታት የማታውቃት። በሌላ በኩል የተዘጋ መጋረጃ፤ በየቀኑ የምታየው።

«አልነገረኝም» አለች። «ጠይቄው ነበር። አለው አለኝ።»

አጎትየው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ተነስተው ከመሳቢያ ሌላ ፕሮሰሰር አወጡ። ጫፉ ላይ ፊደል የለውም። መቀመጫው ላይ በጥንቃቄ አሳርፈው ፋኗን መለሱ፤ ከሱቁ ስክሪን ጋር አገናኝተው አበሩት። ነጭ ጽሑፍ በጥቁሩ ላይ ተንጠባጥቦ ወጣ። የዋጋ ልዩነቱን አልጠየቋትም።

«ይኸው። ለወንድምሽ እግዜር ይማርህ በይልኝ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ና ውረድ» አሉ። «ቁልፉን።»

ፍላሽ ከመሰላሉ ወረደ። የሱቁ ቁልፍ ከፍላሾቹ ጋር አንድ ክር ላይ ነበር። ቋጠሮው አልፈታ አለው። ሲታገል ማንም አልረዳውም። በመጨረሻ ክሩን በጥርሱ በጠሰው፤ ፍላሾቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ድንቢጥ አንዱን ልታነሳለት ጎንበስ ስትል፣ «ተይው» አላት። ካርቶኗን አቅፋ ወጣች።

ኮምፒውተሩ በዚያው ቀን ሠራ።

አሰልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ክፉኛ ተሸነፈ። የቀኝ ጣቶቹ ቁልፉን የሚጫኑት ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው። አንዴ በራሱ ጎል ላይ አገባ። ያኔ ሳቀ፤ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሆዱ። እናታቸው ከስፌቷ ቀና ብላ ቶሎ ፊቷን አዞረች። በሳምንቱ ሁለት የሰፈር ልጆች መስኮቱን አንኳኩ፤ «አሰልጣኝ፣ አለህ?» መጋረጃው ተከፈተ።

ሁሉም ግን ቀላል አልሆነም። ጥቂት ሲጫወት እጁ ይዝላል። ያኔ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም እያደር እንደሚሻለው እንጂ እንደ ድሮው እንደሚሆን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም።

ድንቢጥ ሲጫወት አጠገቡ መቀመጥ አልቻለችም። ፋኗ መዞር ስትጀምር ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። ዴስኳ ላይ ብቻዋን ናት። ፍላሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣም። አንዱ ታሟል አለ፤ አንዱ እናቱ ጋ ሄዷል አለ። በመጨረሻ በፍላሽ ሰፈር የምትኖር ልጅ እውነቱን አመጣችው። አጎቱ ከቤት አውጥተው ዕቃ መጋዘን አስገብተውታል፤ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ። ቀን ካርቶን ያወርዳል፣ እዚያው ያድራል። «ትምህርቱንም ከሰዓት ፈረቃ ካገኘ ይማራል፣ ካላገኘ አይማርም» ተብሏል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኝ ጨዋታውን አቆመና ጠራት። «ለምንድን ነው የምትሸሺኝ?»

«አልሸሸሁም።»

«ድንቢጥ።»

እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነገረችው፤ ስለ ወጥ ቤቱ አልጋ፣ ስለ ጥያቄው፣ ስለ ቁልፉ። እስከዚያ ቀን «ሱቁ ተሳስቶ ነበር፤ ቀየረልኝ» ብቻ ነበር ያለችው። አሰልጣኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ነቅሎ ሰማት። ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል ብሎ እንዲፈርድላት ጠበቀች። አልፈረደም።

«ሄደሽ አይተሽዋል?» አላት።

«ምን ልለው? ይቅርታ ልለው? ውሸት እኮ አልተናገርኩም። ምን እንደምለው አላውቅም፤ ለዚያ ነው ያልሄድኩት።»

አሰልጣኝ የዛለ እጁን በሌላኛው እያሻሸ ቆየ። «የኔ ጓደኞችም ለዚያ ነው የቀሩት» አለ። «ጠልተውኝ አይደለም። ምን እንደሚሉኝ ስላጡ ነው።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ጨዋታውን ቀጠለ።

መጋዘኑ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሰማዩ ከብዷል፤ ካፊያ ጀምሯል። ድንቢጥ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየችው። ፍላሽ የሰው ቱታ ለብሷል፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ እንኳ ይረዝመዋል። አንገቱ ላይ ምንም የለም። ከመኪናው ላይ ትልልቅ ካርቶኖች ያወርዳል፤ አንዱን በሆዱ ደግፎ፣ ወደ ኋላ እየተለጠጠ፣ በትንንሽ እርምጃ ወደ ውስጥ ያስገባል።

አያት። ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ሌላ ካርቶን ሳበ።

መመለስ ትችል ነበር። አይታዋለች፤ ለወንድሟ «አየሁት» ልትለው ትችላለች፤ ውሸትም አይሆንም። መንገዱን ተሻገረች።

«ምን ፈለግሽ?» አለ ሳይዞር።

«ምንም።»

«ኮምፒውተሩ ሠራ?»

«ሠርቷል።»

«አሪፍ ነው» አለ። ፊቱ ላይ ግን አሪፍ የሚባል ነገር የለም። ካርቶኑን ወደ መኪናው ጫፍ ጎተተው። «እና ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?»

ድንቢጥ ለመዋሸት አሰበች። ቀላሉ እሱ ነበር። «አይደለም» አለች። «አሁንም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምለው።»

ፍላሽ ዞሮ አያት። የሚናደድ መስሏት ጠበቀች። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ከእንቅልፍ ማጣት ይሁን ከሌላ አላወቀችም።

«አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን እንደምትዪ አውቄ ነው መሰላሉ ላይ ሆኜ ያልለመንኩሽ።»

ካፊያው እየጠነከረ መጣ፤ የመጋዘኑ ቆርቆሮ መጮህ ጀመረ። ከውስጥ አንድ ሰው «ኧረ ካርቶኑ እየራሰ ነው! ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጮኸ። ፍላሽ ጎንበስ ብሎ የካርቶኑን አንድ ጫፍ ያዘ። ካርቶኑ ለአንድ ሰው ትልቅ ነው፤ አንዴ ሞክሮ አቃተው።

ድንቢጥ ቦርሳዋን አውልቃ ከመኪናው ሥር፣ ደረቅ ቦታ ላይ አኖረችው። ዞራ ሄዳ ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ከገመተችው በላይ ይከብዳል።

«ወዴት ነው?» አለች።

ፍላሽ ትንሽ አመነታ። «ወደ ግራ» አለ። «ቀስ በይ፣ ደረጃ አለው።»